ሦስት ሳምንት የከበደኝ ፍሪሲዮን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ፣ እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ ነው። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልቆሰለም። እኔ ግን እስካሁን ነገሩ የሆነበት መንገድ ጋ ስደርስ ዞሬ በሌላ በኩል እሄዳለሁ።

መኪናዋ የታናሽ ወንድሜ ናት። ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ዝቅ ያለች፣ አሮጌ የስፖርት መኪና። እሱ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሲሄድ ቁልፏን ሰጠኝና «ቆማ እንዳትበላሽ አንቀሳቅሻት» አለኝ። እኔም ወደ ሱቄ መመላለሻ አደረግኳት። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት፣ አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ብዙም ሳልቆይ የፍሪሲዮኑ ፔዳል እየከበደኝ መጣ። ማርሽ ለመቀየር በረገጥኩት ቁጥር ግድግዳ የምገፋ ይመስለኛል። ምንጣፉ ገብቶበት ይሆናል ብዬ አወጣሁት፤ ለውጥ የለም። ሞተሩ ሲሞቅ ይላላል ብዬ ጠበቅኩ፤ ጭራሽ ባሰበት። የፔዳሉን ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት፤ አንድ ቀን ቀለል አለና በማግስቱ ያው ሆነ። ስረግጠው ደግሞ የሆነ ነገር ሲፋጭ ከጫማዬ ሥር ይሰማኛል።

ለወንድሜ ደወልኩለት። «የስፖርት መኪና ፍሪሲዮን ከባድ ነው፤ እግርሽ ስላልለመደው ነው» ብሎ ሳቀብኝ። መካኒክ ማሳየት ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል ሦስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባህል አዳራሽ አካባቢ መንገዱ በባጃጆች ተጨናንቆ ነበር። እግረኞችን ለማሳለፍ ቆምኩ። አንደኛ ማርሽ ላይ ነኝ፤ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጬ ይዣለሁ፤ ግራ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ሰው አልፎ ያለቀ መስሎኝ ቀኝ እግሬን ከፍሬን ወደ ነዳጅ አዛወርኩ። በዚያው ቅጽበት አንድ ሽማግሌ ከባጃጆቹ መሃል ብቅ አሉ።

ከእግሬ ሥር የሆነ ነገር «ጧ!» አለ። ፔዳሉ ባዶውን ወለሉ ላይ ወደቀ፤ መኪናዋ ወደ ፊት ዘለለች። ፍሬን መርገጤን እንኳ አላስታውስም። ሞተሩ ተንገራግጮ ጠፋ።

«ገደለቻቸው!» ብሎ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጮኸ።

ሽማግሌው ግን ሁለት እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው ቆመዋል። የመኪናዋ አፍንጫ ሱሪያቸውን ነክቶታል። ሰው ከበበን። እኔ በሩን መክፈት አቃተኝ። ራሳቸው ዞረው መጡና በመስኮቱ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጊ። የእጅ ፍሬኑን ሳቢ። አሁን ውረጂ።»

መኪናዋን በሰው አስገፍተው ዳር አስያዙልኝ። ጋሽ ላሚሶ ይባላሉ፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሞያሌ መንገድ ከባድ መኪና ሲያሽከረክሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ፔዳሉ ከመውደቁ በፊት ከብዶሽ ነበር?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። «ኧረ ምንም አልነበረውም» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«አዎ» አልኩ። «ሦስት ሳምንት ሆኖታል።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝና መካኒክ እንዲጠራ አንድ ልጅ ላኩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በአካባቢው ካለ ጋራዥ የተጠራው መካኒክ የተበጠሰውን የፍሪሲዮን ካቦ፣ ፔዳሉ የሚስበውን የሽቦ ገመድ፣ ጎትቶ አወጣው። ጫፉ እንደ አሮጌ መጥረጊያ ተበታትኗል። ጋሽ ላሚሶ ተቀብለው አሳዩኝ። «ሽቦዎቹ አንድ በአንድ እየተበጠሱ ከሽፋኑ ጋር ሲፋጩ ነው የከበደሽ። ፔዳሉ እየነገረሽ ነበር» አሉኝ። አዲሱ ካቦ እስኪገባ አብረውኝ ቆዩ። ስረግጠው ፔዳሉ ያለ ምንም ድካም ወረደ። ያኔ እንባዬ መጣ።

ቡሹሎ አካባቢ ወዳለው ቤታቸው አደረስኳቸው። ባለቤታቸው በር ላይ ተቀበሉን።

«የት ቆየህ?»

«የዚች ልጅ መኪና ተበላሽታባት ስናግዛት» አሉ ጋሽ ላሚሶ።

ባለቤታቸው ስላደረስኳቸው መረቁኝና ውሃ አመጡላቸው። ጋሽ ላሚሶ ብርጭቆውን ሲያነሱ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ውሃው ደረታቸው ላይ ፈሰሰ።

«ምነው እጅህ?»

«መኪና ስንገፋ ደክሞኝ ነው።»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኔ ግን ተሰናብቼ ወጣሁ።

ሳምንቱን ሙሉ እውነቱን አለመናገሬ ሲከነክነኝ ቆየ። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሼ ሄድኩ። ባለቤታቸውን ብቻቸውን አገኘኋቸው።

«እናቴ፣ ያን ቀን ባለቤትዎን ልገድላቸው ነበር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ፤ በማግስቱ ነገረኝ» አሉ። ግቢ አላሉኝም። «እሱ ይቅር ብሎሻል፤ እሱ እንዲህ ነው። እኔ ግን ገና ነኝ።»

ዛሬም እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ጋሽ ላሚሶ ሲያዩኝ ይስቃሉ። ባለቤታቸውም አሁን ግቢ ይሉኛል፣ ወንበር ያቀርቡልኛል። ይቅር ብዬሻለሁ የሚለውን ቃል ግን እስካሁን አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ለራሴ ገና አላልኩትም።