ሰማያዊ የተቀባችው ጣሳ

በጃንሆይ ዘመን እናቴ ጎጃም በረንዳ ጀርባ ጠላ ትሸጥ ነበር። የምንኖርባት የኪራይ ቤት አንድ ክፍል ብቻ ነበረች፤ ግድግዳዋ የተቦረቦረ፣ ጣሪያዋ የሚያፈስ። ደጃፏ ላይ ረጅም እንጨት ተተክሎ ጫፉ ላይ ጣሳ ተደፍቶበታል። ያንን ያየ ሁሉ ጠላ እንዳለ ያውቃል። የገበያው ኩሊዎች ጭነታቸውን አራግፈው ጣሳዋን እያዩ ይመጣሉ። እኔም ትምህርት ቤት የገባሁት በዚያች ጣሳ ነው።

መስቀል ባለፈ ሰሞን ከባሕር ማዶ በጎ ሥራ ሊሠሩ የተነሱ ወጣቶች መጡ። ደመወዝ እንደሌላቸው፣ እንዲያውም የመሳፈሪያውን ከኪሳቸው እንደከፈሉ ስነግራት እናቴ "ምን አጥፍተው ነው?" አለች። ጠዋት ይሠራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ከተማውን ያያሉ፣ ሲመሽ እስክስታ ይለማመዳሉ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር የሚታደስ ቤት ሲፈልግላቸው የኛን መረጠ፤ እኔ እንግሊዝኛ ስለምሞክር።

እናቴ ጨዋ ነበረችና መጀመሪያ የቤቱን ባለቤት አስፈቀደች። እሳቸውም ትልቅ ወይዘሮ ነበሩ። "ያድሱ እንጂ፣ እኔ ምን ቸገረኝ" አሉ።

ፈረንጆቹ እንዴት እንደለፉ እኔ እመሰክራለሁ። ጭቃና ጭድ በባዶ እግራቸው ረግጠው ግድግዳውን መረጉ፣ አዲስ ቆርቆሮ አለበሱ፣ በመንገዱ በኩል ሰፊ መስኮት አወጡ። በሩንና መስኮቱን ሰማያዊ ቀቡ። ቀለም ሲተርፋቸው ጣሳዋንም ቀቧት፤ ኩሊዎቹ በሳቅ ሞቱ። ከመካከላቸው ፊቷን ፀሐይ የላጣት አንዲት ልጅ እናቴን "እማማ" ትላት ነበር። እናቴም ከልቧ ወደደቻት። ሥራው ሲያልቅ ላሊበላንና ጎንደርን ሊጎበኙ ሄዱ፤ ሲመለሱ ቤቱ ፊት አብረን ፎቶ ልንነሳ ተቀጣጠርን።

ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮዋ ጥላቸውን ይዘው መጡ። ጠላ ጠጡ፣ መስኮቱን ከፍተው ዘጉ፣ ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ።

"እንዴት አምሮበታል" አሉ። "የወንድሜ ልጅ ጨርቅ የሚነግድበት ቤት ሲፈልግ ነበር።"

እናቴ ወዲያው ገባት። "እሜቴ፣ እኔስ ወዴት ልሂድ? ደንበኞቼ የሚያውቁኝ እዚህ ነው።"

"አንቺ ታታሪ ነሽ፣ ቤት አታጪም። ድሮ ላንቺ ይሆን ነበር፤ አሁን የነጋዴ ቤት ሆነ። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

በተንኮል አልነበረም የተናገሩት፤ እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው። ቤቱ የሳቸው፣ መሬቱ የሳቸው፤ አቤት የሚባልበት የለም። ዕቃችንን ተሸክመን አንዋር መስጊድ አጠገብ ካለው የአክስቴ ማድ ቤት ገባን። ጋኖቹ በበሩ አልገቡም፤ ሸጥናቸው። ያን ዕለት ትምህርቴ እንዳበቃለት አወቅሁ።

ፈረንጆቹ መመለሳቸውን ስሰማ ለእናቴ "እውነቱን እነግራቸዋለሁ" አልኳት። በነሱም፣ በወይዘሮዋም፣ በሷ ዝምታም ተናድጄ ነበር።

"ምን ብለሽ? ቤታችንን ስላሳመራችሁልን ወጣን ብለሽ? ተዪ። እንግዳ ናቸው፣ ደስ ብሏቸው ይሂዱ።"

ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ፣ የጣሳዋን እንጨት ተሸክማ ወደ ድሮው ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ጨርቅ ነጋዴውን ለአፍታ ደጁን እንዲለቅልን ለመነችው፤ እሱም ግራ እየተጋባ ወደ ውስጥ ገባ። እንጨቷን በድሮ ጉድጓዷ መልሳ ተከለቻት። ፈረንጆቹ ሲደርሱ ሰማያዊው በር ፊት ቆመን እየሳቅን ነበር። ፎቶ ተነሳን።

"ሌላ ጊዜ ስመጣ እዚሁ አገኛችኋለሁ?" አለች ልጅቷ።

ተረጎምኩላት። "እዚሁ ነን በያት" አለች እናቴ። አልኳት። ያን ሁሉ ዓመት እንግሊዝኛ ያጠናሁት ይህችን ለማለት መሰለኝ። ልጅቷ እናቴን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ መኪና ውስጥ ገብተው እጃቸውን እያወዛወዙ ሄዱ።

እናቴ እንጨቷን ነቀለች። "ጌታዬ፣ ስለ ደጁ እግዜር ይስጥልኝ" አለችው ነጋዴውን።

በገበያው መሀል ስንመለስ አንድ ኩሊ ከሰው ጭንቅላት በላይ የምትሄደውን ሰማያዊ ጣሳ አይቶ ከነሸክሙ ተከተለን።

"እትዬ፣ ጠላው የት ሆነ?"

እናቴ መሬት መሬቱን እያየች መንገዷን ቀጠለች። ሰውዬው እስከ መስጊዱ ድረስ ከኋላችን ነበር።