ቀይ ጨርቅ የታሰረባት ጭልፋ

ሽንኩርት ውሃው አልቆበት የድስቱን ሥር ሲይዝ የሚሸተው ሽታ ሌላውን ሰው ወደ ወጥ ቤት ያስሮጠው ይሆናል፤ እኔን ግን ሠላሳ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰኛል። ባለፈው ቅዳሜ ስዑር ጠዋት ትልቋ ልጄ ማርታ እሳቱ አጠገብ ተቀምጣ የፋሲካውን ዝግጅት ከስልኳ ታነብልኝ ነበር፤ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ስንት ሳጥን ለስላሳ እንደሚበቃ፣ ዳቦው የት እንደሚጋገር። ዝርዝሩስ ደህና ነው፣ ድስቱን ግን ማን ያየዋል እያልኩ በልቤ ሳጉረመርም ሽታው መጣ። ማርታ ስልኩን ጥላ ተነሣችና ማማሰያውን ብታጣው ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ዕቃዎች መካከል እጇ ያገኘውን አሮጌ ጭልፋ ነጠቀች። እጀታዋ ላይ፣ ቀይነቱ ወደ ቡናማ የዞረ ብጣሽ ጨርቅ የታሰረባት ጭልፋ ናት። ድስቱ ውስጥ ሳትገባ ጮኽኩ። ጩኸቴ ለአንዲት ጭልፋ የሚገባ አልነበረም፤ ልጅቷ ክው ብላ ቆመች፣ ሽንኩርቱም በዚያው አረረ።

"ምን አጠፋሁ?" አለችኝ።

ልጆቼ ቁጡ አባት እንደሆንኩ ያውቃሉ፤ ግን ተቆጥቼ ምክንያቱን ሳልናገር ቀርቼ አላውቅም። የዚህን ምክንያት ለመናገር ግን እኔ ራሴ የደበቅሁትን ማውጣት ነበረብኝ።

አባቴ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ ተመድቦ ነገሌ የመጣ፣ መጥቶም የቀረ ሰው ነበር። ቤታችን ከገበያው ጀርባ፣ ቀዩ አቧራ በነፋስ ጊዜ በር ሳያንኳኳ የሚገባበት ሰፈር ውስጥ ነው። በአንድ አጥር የምንዋሰናቸው ጨርቅ ነጋዴው ኦቦ ኢብራሂምና ሚስታቸው አዴ ሐሊማ ነበሩ። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ የቀረውን የለቀምኩት ከተዋስኳቸው መጻሕፍትና በኦቦ ኢብራሂም ሱቅ ዕቃ ከሚጠቀለልባቸው አሮጌ ጋዜጦች ነው። ስለዚህ ስለዚያ ቤት ስናገር ስለ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን ስለ ትምህርት ቤቴም ነው የምናገረው።

እናቴ አስካሌ የፋሲካን ምግብ ማሰብ የምትጀምረው ገና በጾሙ እኩሌታ ነበር። መጻፍ አትችልም፤ ዝርዝሯ አንድ የቲማቲም ጣሳ ነው። ከኛ ድስት ለሚበላ እንግዳ ሁሉ አንድ ሽምብራ፣ ከአዴ ሐሊማ ድስት ለሚበላ ሁሉ አንድ ባቄላ ትጥልበታለች። አንድ ሰው ከወደራ እንደሚመጣ ስትሰማ ቃጭ ታደርጋለች፤ አንዱ ሲታመምና መምጣቱ ሲያጠራጥር ሽምብራውን አውጥታ ጣሳው አፍ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ እስኪለይለት ድረስ። ቅቤውን ከቦረና ሴቶች ላይ በእጇ ጀርባ እየቀመሰች ትገዛለች። ዶሮ በኛ በኩል እንደ ልብ አይገኝም ነበር፤ ከደጋው በጭነት መኪና ጣሪያ ላይ ታስሮ፣ በአቧራ ቀልቶ፣ የገዛ እናቱ የማታውቀው ሆኖ ነው የሚደርሰው። እነዚያን ዶሮዎች ከነድካማቸው ሳያቸው የምበላቸው አይመስለኝም ነበር፤ እሑድ ሲደርስ ግን ርኅራኄዬ ከጾሙ ጋር አብሮ ይፈታል።

የአዴ ሐሊማ ድስት ያልኩት የአዴ ሐሊማ ንብረት አይደለም። የኛው ቤት ድስት ነው፤ ግን የኛ ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። እኛ እስላም ያረደውን አንበላም፣ እነሱም ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም፤ ይህን ማንም ማንንም ሊያስጥለው አልሞከረም። በፋሲካ ጠዋት ኦቦ ኢብራሂም ከጸሎታቸው መልስ የራሳቸውን ቢላ ይዘው መጥተው፣ እናቴ ያዘጋጀችውን ፍየል በእጃቸው ባርከው ያርዱና ይሄዳሉ፤ እናቴ በዚያ ድስት ትሠራዋለች፣ ለምሳ ሲመጡ ይበሉታል። በአረፋ ደግሞ አባቴ ቢላውን ይዞ ወደ እነሱ ቤት ይሻገራል፤ እዚያም የኛ የሚባል ድስት ተሰቅሎ ይቆየናል። ዛሬ ሳስበው የሚደንቀኝ ማረዱ አይደለም። ከታረደ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ ማንም የማንንም ድስት ከፍቶ አለማየቱ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ዓመት፣ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ የኦቦ ኢብራሂም ታላቅ ወንድም ከፊልቱ መጡ። የከብት ነጋዴ ናቸው፤ ረጅም፣ ቆፍጣና፣ ሲስቁ እንኳ የሚቆጡ የሚመስሉ ሰው። ወንድማቸው ክርስቲያን ቤት ሥጋ መብላቱን ሰምተው አልወደዱትም፤ አዴ ሐሊማ በአጥሩ ላይ ለእናቴ ነገረቻት። "'በዓይኔ ካላየሁ አላምንም' ብሏል። እሑድ ይመጣል፤ ያያል፣ ያርፋል" አለቻት እየሳቀች። እናቴ ግን አልሳቀችም። ያን ቀን ጣሳው ውስጥ የጣለችውን ባቄላ ድምፅ አልረሳውም።

እሑድ ጠዋት እናቴ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ቆማ፣ ከዚያ ደግሞ ፍየሉን ከትፋ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ ተሸንፎ ነበር። ግድግዳው ላይ ተደገፈችና "የአዴ ሐሊማን ድስት ተመልከት፤ ትንሽ ልረፍ" አለችኝ። እኔም ትልቅ ሥራ እንደተሰጠው ሰው ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ያ ሽታ መጣ። ክዳኑን ባነሣ ወጡ ውሃው አልቆ ሥሩን መያዝ ጀምሯል። የፈላ ውሃ የለም። ወጥ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ደግሞ እናቴ ዘንድ ከስርቆት የማይተናነስ ጥፋት ነው፤ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከጎኑ ግን የኛ ዶሮ ወጥ መረቁ ተንሳፍፎ፣ ትኩስ ሆኖ ተቀምጧል። ሁለት ጭልፋ ሙሉ ከዚያ ወደዚህ ገለበጥኩ። ሽታው ጠፋ። በገዛ ብልሃቴ እንዴት እንደረካሁ። አንዱን ሕግ ስጠብቅ ሌላውን መጣሴ ትዝ ያለኝ ጭልፋውን ስመልስ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። አልገባኝም ብል ውሸት ነው፤ ገብቶኛል። እናቴን መቀስቀስ እችል ነበር፤ እንግዶቹ እስኪመጡ ሰዓቶች ነበሩ። መረቅ ብቻ ነው፣ ሥጋ አይደለም እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ምሳ ደረሰ።

ገቡ። "አካም፣ ናጋ" ተባባልን፣ እጅ ታጠቡ። የፊልቱው እንግዳ ከወንድማቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ቤቱን በዓይናቸው መዘኑት። እናቴ እንጀራው ላይ ልታወጣ ጭልፋዋን ከድስቱ ብታነሣ፣ ከፍየሉ ሥጋ መካከል አንዲት የዶሮ አንገት ብቅ አለች። የፍየል አንገት እንዲያ አይቀጥንም። እናቴ ያቺን የዶሮ አንገት አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ።

ነገሩን ለመደበቅ አንድ ነገር ብቻ ይበቃት ነበር፤ ጭልፋውን መልሳ መድፈቅ። ከሷ በቀር ያየ አልነበረም።

"አዴ ሐሊማ፣ እጅዎን ይሰብስቡ" አለች። "ድስቱን አበላሽቼዋለሁ። እንቅልፍ ይዞኝ ከዶሮው ጨልፌ ጨምሬበታለሁ።"

አባቴ ፊቱ ጠቆረ። የፊልቱው እንግዳ ቀስ ብለው ወደ ወንድማቸው ዞሩ። "ኢብራሂም፣ ነግሬህ አልነበረም?"

ኦቦ ኢብራሂም የታጠበ እጃቸውን እንደያዙ ፈገግ አሉ። "ነግረኸኛል። ግን እሷ ዝም ብትል ኖሮ አንተ አሁን ጣትህን እየላስህ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማየት ትፈልጋለህ?"

አዴ ሐሊማም "እኔስ ርቦኛል። አስካሌ፣ ቤትሽ ሽሮ የለም?" አለች።

አባቴ ተነሥቶ ትልቁን የዶሮ ድስት ከደነው። "እንግዳዬ ሥጋ ካልበላ እኔም አልበላም" አለ። በዚህ ዓይነት ሃምሳ አምስት ቀን ጾመን የፋሲካ ለት ምሳችንን ሽሮ በላን። በቅቤ የራሰ ሽሮ፣ አይብ፣ ማር፣ እርጎ። አባቴ ሽሮውን የሚያየው የፍርድ ቤት መጥሪያ እንደደረሰው ሰው ነበር፤ ሆኖም እየጎረሰ እንግዳውን አጎረሰ። የፊልቱው ሰውም ሁለት ጊዜ ጨምሩልኝ አሉ። ሲወጡ እናቴን አንቱ ብለው ተሰናበቷት።

እናቴ አልመታችኝም፤ አልጠየቀችኝም። ያን ሰሞን ግን ትኩረቷ ሁሉ አጥሩ ላይ ነበር። ኦቦ ኢብራሂም ቢስቁም፣ አረፋ ሲመጣ አባቴን ለማረድ ይጠሩት ይሆን? ካልጠሩት ነገሩ በዚያው አበቃ ማለት ነው፤ ጎረቤት ሰላምታ ሳይነፍግህም ድስቱን ሊነፍግህ ይችላል። እናቴ የውሃውን ጀሪካን ስታነሣ እንኳ ጆሮዋ ወደዚያ ነበር። እኔም ጥፋቴን በተናገርኩ፣ እናቴም ባረፈች እያልኩ ሳልናገር ቀኖቹን ቆጠርኩ።

የአረፋ ዋዜማ አዴ ሐሊማ መጣች። አባቴን "ነገ በጠዋት ቢላህን ስለህ ና፤ ወንድምየውም ከፊልቱ ይመጣል፣ አንተ ስታርድ ቆሞ ሊያይ" አለችው። እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። አዴ ሐሊማ ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና ከሻርፗ ሥር አንዲት አዲስ ጭልፋ አወጣች፤ ከሱቃቸው ጨርቅ ጠርዝ የተቀደደ ቀይ ብጣሽ ታስሮባታል። "ኢልማ ኮ" አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ "እናትህ ትደክማለች። ከእንግዲህ የኛን ድስት የምታማስለው አንተ ነህ። ከዚች ሌላ እንዳይገባበት።"

ቅጣት ጠብቄ አደራ ተሰጠኝ። ሰው በዱላ የማይማረውን በዚህ ይማራል፤ እኔ በልጆቼ ላይ ይህን ብልሃት እምብዛም አልተጠቀምኩበትም፣ ጩኸት ስለሚቀለኝ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ፣ ኦቦ ኢብራሂምና አዴ ሐሊማ አከታትለው እስኪያርፉ ድረስ፣ በየፋሲካው ያን ድስት ከሥሩ ሳልነሣ ያማሰልኩት እኔ ነኝ። "እኔ ነበርኩ" የሚለውን ቃል ግን ለእናቴም ሳልነግራት እሷም ተከተለቻቸው።

ይህን ሁሉ ለማርታ ነገርኳት። ያረረውን ድስት እያጠበች ሰማችኝ።

"አባዬ" አለች በመጨረሻ፣ "ዕርሳስ ጠፍቶብኝ አልጠፋም ብዬ ስዋሽ ግማሽ ቀን የመከርከኝ አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"እሺ" አለች፤ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። "ታዲያ ለምን ዘንድሮ እነ ጀማልን አንጠራቸውም?"

ከሰዓት በኋላ ወደ ጀማል ሱቅ ሄድኩ። ጀማል የአዴ ሐሊማ ልጅ፣ እኩያዬ ነው፤ በአባቱ ሱቅ ዛሬም ጨርቅ ይሸጣል። መጀመሪያ የደበቅሁትን ነገርኩት። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሳቀብኝ።

"እናቴ እኮ የዚያኑ ቀን ነው ያወቀችው። የሸሚዝህ እጅጌ እስከ ክርን ወጥ ነበር። አንተ ብቻ ነህ ያላየኸው።"

ቀጥዬ የመጣሁበትን ጠየቅሁት፤ ነገ በጠዋት የአባቱን ቢላ ይዞ እንዲመጣ፣ ድስቱም ጭልፋዋም እንዳሉ ነገርኩት። ጀማል የያዘውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረ፤ አጥፎ ፈታው፣ መልሶ አጠፈው።

"ቢላው የት እንደገባ አላውቅም" አለ። "እኛም ቤት አሁን የሚያርድልን ሰው ነው የምንጠራው፤ እጄ ረስቷል። ልጆቹ ደግሞ፣ አንተ አትቀየመኝ፣ ሰው ቤት ሥጋ መብላት አልለመዱም። እንመጣለን፣ እንዴት እንቀራለን። ለስላሳ ጠጥተን፣ ተጫውተን እንሄዳለን።"

አልተቀየምኩትም። ልጆቹን እንዲያ አስለምዳቸው ዘንድ እኔስ መቼ ጠራኋቸው? አዴ ሐሊማ ካረፈች ወዲህ ያ ድስት አንድም ቀን እሳት አላየም። አደራው እናቱ እስካለች ድረስ ብቻ እንደነበረ አድርጌ ይዤው ቆይቼ፣ ዛሬ ከመሬት ተነሥቼ ቢላ አምጣ ማለት አልችልም። ድሮ ድስታችንን ከፍቶ የሚያይ ያልነበረው ስለምንተማመን ነው፤ ዛሬም ከፍቶ የሚያይ የለም፣ ውስጡ ምንም ስለሌለ።

ቤት ስመለስ ማርታ አዲስ ሽንኩርት ጥዳ፣ በዚህኛው ጊዜ ስልኳን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል ታማስላለች። ሌላኛውን ድስት ከዕቃ ቤት አውጥታ፣ አቧራውን አጥባ፣ ጭልፋዋን በላዩ አጋድማ አስቀምጣዋለች።

"ስንት ባቄላ?" አለችኝ።

ጭልፋዋን አንሥቼ ወደ ቦታዋ ሰቀልኳት።

"ለስላሳውን አንድ ሳጥን ጨምሪበት" አልኳት።