ቀይ ለሰባኪ፣ ቢጫ ለዘማሪ፣ ጥቁር ለኪቦርድ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ወልዴ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር በነበረው የድምፅ ዕቃ ማከራያው በር ላይ ተቀምጦ ትከሻዬን አየና «ሞንታርቦ ትሸከማለህ?» አለኝ። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። «እሸከማለሁ» አልኩ። ለካ ቁም ሳጥን የሚያክለው ድምፅ ማጉያ ነው። የአባቴ የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሬን ከትቼ አላረጅም ብዬ ከጨንቻ የወረድኩ ሰው ነኝ፤ እሱ ጉድጓድ በስንት ጣዕሙ አልኩ።

ያን ቀን ላንቴ መንደር ሠርግ ነበረ። በመሀል የዘፋኙ ድምፅ ጠፋ። ሕዝቡ «ሰክሮ ነው! አውርዱት!» እያለ ጮኸ። ጋሽ ወልዴ ሳይቸኩል ጎንበስ ብሎ ገመዱን በእጁ እየዳበሰ ሄደ። አንድ ቦታ ላይ ሲያቃናው ድምፁ መጣ። «መጀመሪያ ገመዱን ፈትሽ» አለኝ፤ «ሰውየውን ለመስደብ ጊዜ አለህ።»

ማንበብ አልችልም ነበር። ሌሎቹ ሠራተኞች የገመዱን ጫፍ አይተው፣ ሚክሰሩ ላይ የተጻፈውን አንብበው ይሰካሉ። እኔ አንድ የጸሎት ጉባኤ ላይ ለሰባኪው የተከፈተውን ለዘማሪዎቹ፣ የዘማሪዎቹን ለሰባኪው ሰካሁና ጸሎቱ መሀል ፉጨት አስነሳሁ። በሳምንቱ ጨንቻ ወጥቼ ከአባቴ የሽመና ክር አመጣሁ፤ የጋሞ ባህል ልብስ የዱንጉዛን ሦስት ቀለም። ቀይ ለሰባኪ፣ ቢጫ ለዘማሪ፣ ጥቁር ለኪቦርድ። በገመዱ ሁለት ጫፍ ጠመጠምኩ፤ ሚክሰሩ ላይም በትይዩ ያንኑ ቀለም አሰርኩ።

ጋሽ ወልዴ አይቶ ሳቀ። «ሚክሰሩን ልትድረው ነው?»

«ቶሎ እንዲታይ ነው ጋሽዬ።»

እውነተኛውን ምክንያት አልነገርኩትም። ዛሬ ከአርባ ምንጭ እስከ ካምባ ክር የማይጠመጥም የድምፅ ሠራተኛ የለም። ማን ጀመረው ብላችሁ ጠይቁ። «ድሮም እንዲሁ ነው» ይሏችኋል።

ምናሴን ያገኘሁት ካምባ ለጉባኤ የሄድን ጊዜ ነው። ቀጭን ተማሪ ነበር። ከበሩ ሳያልፍ «ጋሼ፣ የግራው ሞንታርቦ ወረቀቱ ተቀዷል» አለኝ። «ሂድ ወደዚያ!» አልኩት። ከጉባኤው በኋላ ፈትቼ ሳየው የጥፍር ያህል ተቀዷል። ያን ዓይነት ጆሮ ለማግኘት እኔ ስንት ዓመት ከማጉያ ፊት ቆሜያለሁ። እሱ ይዞት ተወለደ። ኪቦርድ ላይ ሲቀመጥማ አይነሳ። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው፤ አንጀቴ አረረ።

አርባ ምንጭ መጥቶ እኔ ድምፅ በምሠራበት ቤተ ክርስቲያን ሲጫወት ስሙ ወጣ። ከወላይታ ድረስ መኪና ተኮናትረው እሱን ለመስማት ይመጡ ጀመር። እኔ ኋላ ቆሜ ድምፁን አስተካክላለሁ። ጥሩ ከሆነ «ምናሴ!» ነው፤ ከተበላሸ የኔ ስም ይጠራል፤ «ዳና ምን ነካው?» ነው።

ከዚያ ታመመ። እንቅልፍ አጣ፤ ሲያወራ ማቆም አቃተው። አንድ እሑድ መዝሙሩን ከመሀል ትቶ ማጉያዎቹ እየጠሩኝ ነው ብሎ ወጣ። አጋንንት ነው ያሉ አሉ፤ ትዕቢት ነው ያሉም አሉ። ታላቅ እህቱ አስቴር ከጸሎቱም ሳትጎድል ሐኪም ቤት ወሰደችው። መድኃኒት ጀመረ። እስከ ዛሬ ይወስዳል። ሲሻለው ይጫወታል፤ ሲያመው ቤት ይቀመጣል።

ተሽሎት ሲመለስ ምእመኑ በእልልታ ተቀበለው። እኔ ወባ አጋድሞኝ ከርሜ ስመለስ የተባልኩት «ማይኩን የት ነው የደበቅከው?» ነው።

ጋሽ ወልዴ ሲያርፍ ማከራያውን እኔ ያዝኩት። አዲስ ሚክሰር ገዛሁ፤ ቁልፉ ብዛቱ፣ ጽሑፉ ብዛቱ። ሦስት ቀለም አልበቃ አለ። የማታ ትምህርት ገብቼ ከልጆቼ እኩዮች ጋር ፊደል ቆጠርኩ። ጺሜ ሸብቶ ነበር። ለጎረቤት ማታ ማታ የኮሚቴ ስብሰባ አለብኝ እል ነበር።

ባለፈው ዓመት ቤዛ የምትባል የፊልም ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ መጣች። የምናሴን የሕይወት ታሪክ ልትሠራ ነው። ሱቄ ገብታ «ጋሼ ዳና፣ ስለ ምናሴ ያጫውቱኝ» አለች። ስለ ምናሴ ጥቂት ነገርኳት፤ ስለ ክሩ ብዙ። ስጠመጥም እጄን በካሜራ ቀረጸች። «በጣም ይገርማል!» አለች። በሆዴ በቃ፣ ተራዬ ደረሰ አልኩ።

ፊልሙ አልቆ እዚሁ አርባ ምንጭ አዳራሽ ውስጥ ሲታይ የድምፁን ሥራ ለኔ ሰጡኝ። አዳራሹ ሞላ። ምናሴ ሱፍ ለብሶ ከአስቴር ጋር ፊት ተቀምጧል። እኔ ኋላ ሚክሰሩ ጋ ቆሜያለሁ።

ምናሴን ሆኖ የሚሠራው መልከ መልካም የአዲስ አበባ ልጅ ነው። መሀል ላይ ብቻውን መሬት ተቀምጦ ዓይኑን አፍጥጦ ክር ይጠመጥማል። ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ከሥሩ የሚያስለቅስ ዋሽንት። አጠገቤ ያለች ሴት «ውይ፣ ሕመሙ በዚህ ነዋ የጀመረው!» አለች። ሥራዬን ወስደው ለሱ ሰጡት፤ ያውም በሽታ አድርገው።

ምናሴ ብድግ አለ።

«ይሄ እኔ አይደለሁም! ክር ጠምጥሜ አላውቅም! ክሩ የጋሼ ዳና ነው!»

«ተነሳበት» አለ አንዱ። «ያዙት! ያዙት!» ሁለት አስተናጋጆች ክንዱን ያዙ። አስቴር «አላመመውም! ልቀቁት!» እያለች እጃቸውን ትጎትታለች። ቤዛ ከጨለማው ውስጥ «ምናሴዬ፣ ፊልም ነው፣ እባክህ ተቀመጥ» ትላለች። እውነቱን በደጋገመ ቁጥር እነሱ ያጠብቁበታል።

መጀመሪያ የመጣልኝን ልንገራችሁ። ለዘመናት ማንም ያልመሰከረልኝን የመሰከረልኝ እሱ መሆኑ አናደደኝ። ይሄንንም እንኳ ከሱ እጅ ልቀበል?

ግን ወደ በሩ እየገፉት ነበር። የፊልሙን ድምፅ ዘጋሁና ባለ ቀይ ክሩን ማይክ አነሳሁ።

«ዳና ነኝ። ልጁ ጤነኛ ነው፤ ልቀቁት። ክሩን የጠመጠምኩት እኔ ነኝ።»

ከመሀል አንድ ጎረምሳ «ጋሼ፣ አንተንስ መቼ ነው የጀመረህ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አስተናጋጆቹም ይስቃሉ፤ ምናሴን ግን አልለቀቁትም።

«አላመመኝም» አልኩ። «ያኔ ማንበብ ስለማልችል ነበር የጠመጠምኩት።»

ጋሽ ወልዴ ይህን ሳይሰማ ነው የሞተው። አሁን አዳራሽ ሙሉ ሰው በራሴ ሞንታርቦ ሰማው። ሳቁ ቆመ። ልጁን ለቀቁት። አስቴር እጁን ይዛ አስቀመጠችው።

ፊልሙን ቀጠልኩ። መጨረሻ ላይ የስም ዝርዝር አለፈ። ፊደል ቆጥሬ የለ? አንድ በአንድ አነበብኩ። ያደሩበት ሆቴል አለ፤ የሙዝ ማሳውን ያስቀረጸው የላንቴ ገበሬ አለ። እኔ የለሁም።

ሰው ሲወጣ ምናሴ መጣ። «ሳሮ ጋሼ» ብሎ በጋሞኛ ሰላም ይለኛል ብዬ ስጠብቅ «የቀኙ ሞንታርቦ ይንጫጫል» አለኝ።

«ሂድ ወደዚያ!» አልኩት። ሲሄድ ፈተሽኩት። እውነቱን ነው፤ ገመዱ ላልቷል።

አሁንም እቀናበታለሁ። በስልካችሁ ሚክሰር የምታዙ ልጆች ግን ይሄን ያዙ፦ አንድ ሰው ድምፁ ልክ አይደለም ካላችሁ መጀመሪያ ገመዱን ፈትሹ። የሚናገረው መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢሆንም ያው ነው።