ለፈኪ ሀሩን ያሰማሁት ባዮሎጂ

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰውዬ ከሸርቆሌ ወዲያ ካለው በረሃ የለቀመውን ሙጫ በሁለት ማዳበሪያ ሞልቶ ሱቄ ድረስ አመጣልኝ። እኔም እንደ ልማዴ ከላይ ያለውን ትቼ (ከላይ የሚደረገው ሁልጊዜ ጥሩው ነው፣ ስሸጥ እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ) እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ ከታች አንዷን እንክብል አወጣሁና ሰብሬ ምላሴ ላይ አደረግኳት። ደህና ሙጫ ጣዕም የለውም፤ ጣዕም ካለው አንድ ነገር ተቀላቅሎበታል። ይሄኛው ንጹህ ነበር። ቀስ ብሎ ሲሟሟ ግን አፍንጫዬን የጥላሸት ሽታ ሞላው፤ ከድስት ቂጥ ተፍቆ ከሙጫ ጋር በውሃ የተበጠበጠ፣ በልጅነታችን ሎህ በምንለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት የቀለም ሽታ። ሰውየው ምን እንደምለው ፊት ፊቴን እያየ ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ እዚያ የለሁም፤ የአስራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሆኜ ከአንዲት ፓፓያ ሥር ሳንባና ኩላሊት እያጠብኩ ነበር።

አሶሳ አስራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። ጊዜው የማንጎ ስለነበር መንደሩ ሁሉ ማንጎ አብዝቶ ነው አለ፤ አባቴም ማንጎ ተወ። ከዚያ ሆዱ አበጠ፣ ከዚያ ምግብ ጠላ፣ ከዚያ ዝም አለ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ወደ አሶሳ የሚሄድ መኪና ሳይመጣ እሱ ሄደ። ምን እንደገደለው የነገረን ሰው የለም። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ «ያ ቢጫ ነገር» እያለች ነው የጠራችው፤ ስም ያልወጣለት ጠላት እንዴት ይረገማል?

እኔ ትምህርቱን አቋርጬ መንደር ተመለስኩና ጨው፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይና የሻይ ቅጠል የምንሸጥባትን የቀርከሃ ሱቅ ተረከብኩ። እኩዮቼ አሶሳ ቀሩ። ልቤ ውስጥ ግን አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ የጤና ረዳት እሆናለሁ፣ ከዚያ በኋላ በኛ መንደር ማንም ሰው ማንጎ ገደለው ተብሎ አይቀበርም። ለዚያ ደግሞ የአስራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። የግል ተፈታኝ የሚባል ነገር መኖሩን ስሰማ አሶሳ ሄጄ ተመዘገብኩ፤ ስመለስ ከገበያው ከአሮጌ ወረቀት ሻጭ የባዮሎጂ፣ የጂኦግራፊና የታሪክ መጻሕፍት ገዛሁ። ሰውየው በኪሎ ነበር የሚሸጠው፤ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ባዮሎጂ ከታሪክ ከበድ አለ፣ ያኔውኑ አሳሰበኝ። ሂሳብን አልገዛሁም። ሂሳብ ሱቁ ያስተምረኛል ብዬ ተውኩት፤ ሱቁ ኤክስ የሚባል ደንበኛ እንደሌለው የገባኝ ፈተናው ላይ ነው።

የማጠናው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ ፀሐይ መንደሩን ሁሉ ከማንጎ ጥላ ሥር ሰብስባ ስታስተኛ፣ መንገዱ ላይ ፍየል እንኳን ሳይታይ፣ እኔ ከሱቁ ጀርባ በሰሊጥ ጆንያዎች መሃል እቀመጣለሁ። በቀርከሃው ግድግዳ ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ገጹ ላይ መስመር እየሠራ ያልፋል፤ ከመስመሩ ጋር ነበር የማነበው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ነገር ሳይገባኝ ሲቀር የምጠይቀው ሰው አልነበረም፣ ይሁን፤ ሲገባኝ ደግሞ ገባኝ የምለው ሰው የለም፣ ይሄኛው እንደሚብስ ማንም አልነገረኝም። አንድ ቀን ደም በልብ ውስጥ እንዴት ዞሮ እንደሚመጣ ድንገት ገባኝና በደስታ ብድግ ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ፤ ደጅ ያለው ሙቀት ብቻ ነበር፤ ትንሽ ቆሜ ተመልሼ ገባሁ።

ያለ አስተማሪ መማር እንዴት እንደሆነ አላውቅም ነበር። የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ከፊደል በፊት የተማርኩበት የኸልዋ መንገድ፣ እኛ ልጆች ቁርአን የምንቀራበት የሣር ዳስ። እዚያ ሎህህ ላይ ትጽፋለህ፣ እየተወዛወዝክ ጮክ ብለህ ደጋግመህ በቃልህ ትይዛለህ፣ ለፈኪው፣ ለቁርአን አስተማሪህ፣ ታሰማለህ፣ ካለፍክ ታጥብና ቀጣዩን ትጽፋለህ። የዐረብኛው ትርጉም ያኔ አልገባኝም ነበር፣ ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ። እንግሊዝኛውስ ቢሆን ምን ይለየዋል አልኩ።

ቁርአን ያስቀሩን ፈኪ ሀሩን ያን ጊዜ አርጅተው፣ ዓይናቸው ላይ ነጭ ሞራ ወጥቶባቸው፣ በዳሳቸው በር ላይ ጠፍር አልጋቸው ላይ ነበር የሚውሉት። ሄጄ ባዮሎጂን ሎህ ላይ ልጻፍ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። በቤርታኛችን፣ ለዚያኛው ሌላ ሰሌዳ ይኑርህ፣ የአላህ ቃል ባረፈበት ላይ የእንቁራሪት ሆድ አትጻፍ አሉኝ። ሌላ ሰሌዳ አስጠረብኩ። ቀጥሎ የከበደኝ የእጣቢው ነገር ነው፤ የኸልዋ ሎህ ሲታጠብ ውሃው እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። ይሄኛውስ? እንደገና ሄድኩ። «ዕውቀት ነው?» አሉኝ። ነው አልኩ። «እንግዲያው አትርገጠው።» ስለዚህ ከሱቁ ጀርባ ካለችው ፓፓያ ሥር አፈስ ጀመር። ያቺ ፓፓያ የምግብ መፈጨትን፣ የደም ዝውውርን፣ ትልቁን የስምጥ ሸለቆና የፈረንሳይን አብዮት ጠጥታለች፤ ፍሬዋ ግን እንደማንኛውም ፓፓያ ነበር። በኸልዋ ለበረከት እጣቢውን የሚጠጣም ስላለ እኔም አንድ ቀን ተስፋ ሲቆርጠኝ ስለ ጨጓራ የሚለውን ምዕራፍ አጥቤ ጠጣሁና ሁለት ቀን ጨጓራዬን አመመኝ።

የጎደለኝ የሚሰማኝ ሰው ነበር። ኸልዋ ላይ ያልተሰማ ነገር ተያዘ አይባልም። ለእናቴ ላሰማት ስል ኦቾሎኒ እየፈለፈለች አንድ ገጽ ያህል ታገሰችኝና «ልጄ፣ ሰው እንዳይሰማህ» አለችኝ። ለፈኪ ሀሩን ለማሰማት ደግሞ አፈርኩ፤ እሳቸው ከእንግሊዝኛ አንድ ቃል እንኳ አያውቁም። አንድ ቀን ግን ራሳቸው አስጠሩኝ።

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ለማን ነው የምታሰማው?»

«ለማንም።»

«ቁጭ በል። የምትለው አይገባኝም፣ ስትሳሳት ግን እሰማለሁ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዱላቸውን መሬት ላይ አቁመው ሰሙኝ። በመጽሐፉ ካመነታሁበት ቦታ ሁሉ አንዱም አላመለጣቸውም፤ ምላሴ ገና ሳይንገዳገድ ዱላዋ ትነሳለች። ከአፍ ጀመርኩ፣ ጉሮሮን አለፍኩ፣ ጨጓራን በቂም አለፍኩ፣ ከዚያ ፈጠን ብዬ ወደ ኩላሊት ስገባ ዱላዋ መሬቱን መታች።

«እዚህ ጋ ዘለልክ።»

«አልዘለልኩም፣ መጽሐፉ እንዲህ ነው።»

«መጽሐፉም ቢሆን ዘሏል።»

እውነታቸውን ነበር። ከገጹ ግርጌ «ዘ ሊቨር» ይላል፣ ጉበት፤ ቀጣዩ ቅጠል ተቀድዷል፤ የሆነ ባለሱቅ ስኳር ጠቅልሎበት ይሆናል፣ እኔም ብሆን አደርገዋለሁ። ሰው እንዳይነቃብኝ ርዕሱን ከኩላሊት ጋር አጣብቄ በፍጥነት እሮጥበት ነበር። የአባቴ ዓይን ቢጫ የሆነው ከጉበት ሊሆን እንደሚችል አንድ የሸርቆሌ ነርስ በጨረፍታ ሲናገር ሰምቼ ስለነበር ያ ቅጠል ለእኔ ዝም ብሎ ቅጠል አልነበረም። ፈኪው ምን እንደጎደለ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «አሶሳ ሂድ፣ ሙሉ መጽሐፍ ያለው ሰው ፈልግ፣ ገልብጠህ ና። ጎዶሎ አልሰማም» አሉኝ። ግን ጎዶሎውን በየቀኑ ሰሙኝ፤ በየቀኑም እዚያች ቦታ ላይ ዱላዋ መሬቱን ትመታለች፣ «ዘለልክ»፣ እኔም «አዎ» እላለሁ፣ ከዚያ ኩላሊት።

አሶሳ አልሄድኩም። መንገዱ ጭቃ ነው አልኩ፣ ሱቁን ማን ይጠብቃል አልኩ። ዛሬ ሳስበው የፈራሁ ይመስለኛል፤ ያ ገጽ ነገሩ ቀላል ነበር፣ እንዲህ ቢደረግለት ይድን ነበር ቢለኝስ? መጽሐፍ ሰው እንዳዘነ አያውቅም፣ ዝም ብሎ ይናገራል።

ጾሙ ሊገባ ሲል ፈኪ ሀሩን በተኙበት አረፉ። ከቀብር ማግስት እኩለ ቀን ላይ ሎሁን ይዤ ከልማድ የተነሳ ወደ ዳሳቸው ሄድኩ፤ ጠፍር አልጋው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ተመልሼ ለፓፓያዋ አሰማሁ። ፓፓያ ሁሉንም ነገር ያሳልፋል።

የፈተናው ቀን አሶሳ የገባሁት ሦስቱን መጻሕፍት ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በቃሌ ይዤ ነው፤ ይሄን ስል አላጋንንም። የግል ተፈታኞችን ጥግ ላይ ባለ ክፍል አስቀመጡን፤ አጠገቤ አንድ ፖሊስ፣ ከፊቴ ሁለት የልጆች እናቶች፤ ሁላችንም ብቻችንን ያጠናን ስለሆንን ሰላም መባባል እንኳ ከብዶን እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን ጠበቅን። ወረቀቱ መጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሳንባ ነው። ሳንባን አውቀዋለሁ፤ ሳንባ ግን ያለው ምዕራፉ መሃል ነው፣ እኔን ደግሞ ከመነሻው ካልተሳፈርኩ መሃል መንገድ ላይ የሚጭነኝ የለም። ስለዚህ ከምዕራፉ ራስ ጀምሬ በከንፈሬ እያልኩ፣ እየተወዛወዝኩ፣ ሳንባ ስደርስ ወረድኩና የመልሱን ክብ አጠቆርኩ። ሁለተኛው ስለ ሥር ነው፤ ወደ ዕፅዋት ሄጄ ከራሱ ተሳፈርኩ። ሦስተኛው ተመልሶ ስለ ሳንባ። እንደገና ከራሱ። መልሱ ሁሉ አለኝ፤ ጥያቄዎቹ ግን ተራ አይጠብቁም።

ፈታኙ ከደጋ የመጡ ረጅም መምህር ነበሩ፤ መጥተው ራሴ ላይ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?»

«ከራሴ ጋር ነው፣ መምህር።»

«ራስህም ቢሆን ዝም ይበል። ደግሞ አትወዛወዝ፣ ወንበሩ ሰው እየረበሸ ነው።»

ዝም አልኩ፣ ቀጥ ብዬም ተቀመጥኩ። ቀጥ ስል ቃሉ ሁሉ ቆመ። ሰውነቴ ካልሄደ ቃሉ አይሄድም፤ ይሄን ኸልዋ ያልተቀመጠ ሰው እንዴት ያውቃል፣ እኔስ እንዴት ብዬ አስረዳለሁ? በሙሉ መጽሐፍ ላይ ቁጭ ብዬ አንዲት መስመር መምዘዝ እንዳቃተኝ ወረቀቱ ተሰበሰበ። ፖሊሱ ሲወጣ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አይዞህ ወንድሜ፣ እኔም ምንም አላነበብኩም» አለኝ።

ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ሌላው ሁሉ ከጓደኛው ጋር እየተጋፋ አየ፤ እኔ ሰው እስኪሳሳ ጠብቄ አየሁ። አላለፍኩም። የሚገርመው ከጎደለችው ቅጠል አንድም ጥያቄ አልመጣም ነበር፤ እኔ የወደቅኩት በማውቀው ነው። ማታ ሳይሆን ገና በቀትር መንደር ደረስኩ፤ እናቴ ፊቴን አየች፣ ከዚያ እጄን አየች፣ «ጨዉን አመጣህ?» አለችኝ። አመጣሁ አልኳት። ተቀብላኝ ገባች፤ ስለ ፈተናው እስክትሞት አንስታብኝ አታውቅም። ከዚያ ወዲያ ጨው በማምጣት ቀጠልኩ፣ ጨዉ ሰሊጥ ሆነ፣ ሰሊጡ ሙጫ ሆነ፣ ሱቁም አሶሳ ገባ።

ልጄ ዘሃራ ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ታጠናለች፤ ያልገባትን ስልኳ ላይ ትጽፋለች፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ከማታውቀው ከተማ አንዱ መልስ ይልክላታል። ከንፈሯ አይንቀሳቀስም። ባለፈው ወር እንደ ቀልድ ስለዚያች ቅጠል ብነግራት ያንን የጥንት መጽሐፍ ከስልኳ አውጥታ አቀበለችኝ። መነጽሬን አደረግኩና ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የፈራሁትን ገጽ አነበብኩት። ጉበት ትልቅ ነው ይላል፣ በቀኝ በኩል ነው ይላል፣ ሐሞት ያመነጫል ይላል። አንድ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ምን እንደሚደረግ አይልም። አባቴንም አላዳነውም፣ እኔንም አልወቀሰኝም።

«አባ፣ አሁን ሞላልህ አይደል?» አለችኝ።

«ሞላልኝ» አልኳት።

የሙጫው ሰውዬ ተስማምተን ከሄደ በኋላ ቀትር ነበርና ደንበኛ የለም። ጆንያዎቹ መሃል ተቀመጥኩ፤ እዚህ ብወዛወዝ ወንበሩ የሚረብሸው ሰው የለም። ከአፍ ጀመርኩ፤ ጉሮሮ፣ ጨጓራ፣ ሁሉም እንዳስቀመጥኩት ቦታው ላይ አለ። ጉበት ጋ ስደርስ አዲሷ ቅጠል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ምላሴ ግን እንደ ድሮው ዘለላት። ዘለለና ቆመ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል፣ የሚያቋርጠው ሰው እንዳለ ሁሉ።

ከውጭ የባጃጅ ድምፅ መጣና አለፈ። ኩላሊትን ቀጠልኩ።