ማሞቂያው ወይስ ገንዘቡ

ከመናኸሪያ ተሸክሜ ያመጣሁትን ካርቶን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ማሰሪያውን በቢላ ቆረጥኩት። ከውስጡ የወጣው ቬንትሌተር ነበር። ሦስት ክንፍ ያለው ነጭ ቬንትሌተር። ጊዜው ኅዳር ነው፤ ጠዋት በሬን ስከፍት የግቢዬ ሣር በአመዳይ ነጥቶ ነው የማገኘው። ደብረ ማርቆስ ላይ በኅዳር ወር ቬንትሌተር የሚፈልግ ሰው እኔ አላውቅም።

ያዘዝኩት የክፍል ማሞቂያ ነበር።

አንድ ልጅ ነው ያለችኝ። ተምራ አዲስ አበባ ሥራ ያዘች፤ እዚያው አግብታ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን ማርገዟን በነገረችኝ ቀን፣ ስልኩን ገና ከጆሮዬ ሳላወርድ፣ አራስ ሆና የምትተኛበትን ክፍል በዓይኔ እየለካሁ ነበር። በእኛ ወግ ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ እናቷ ቤት ትመጣለች። እኔም እሷን የወለድኳት ይጁቤ፣ እናቴ ቤት ነው። ስለዚህ ትመጫለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ፤ የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ወተፍኩ፤ የገንፎውን ገብስ አስፈጭቼ፣ ቅቤም አንጥሬ አስቀመጥኩ። ከዚያ መቼ እንደምትመጣ እስክትነግረኝ መጠበቅ ጀመርኩ።

አንድ እሑድ ስትደውል፣ "እማዬ፣ ያ ቤት እኮ በጣም ይበርዳል" አለችኝ።

"ለማን ነው የሚበርደው?"

"ለሕፃን ነዋ።"

ሌላ አልጨመረችም። ስለ ሥራዋ አወራችልኝና ስልኩ ተዘጋ። እኔ ግን ከዚያች ቃል ጋር ቀረሁ። ቤቱ ከሞቀ ትመጣለች ማለት ነው ብዬ ያዝኩት።

እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ቀስ ብዬ ነው። ቅቤ እንኳ ሳላሸት አልገዛም። በስልክ የሚሸጥ ዕቃ ያየሁት ጎረቤቴ ስታሳየኝ ነው። የማሞቂያውን ሥዕል ሦስት ቀን ደጋግሜ ካየሁት በኋላ ለሻጯ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ "እህቴ ይህ ዕቃ በእርግጥ ያሞቃል ወይ። ልጄ ለመውለድ እኔ ዘንድ ትመጣለች። ክፍሉ ብርዳም ነው። ብርዱን ፈርታ እንዳትቀርብኝ ነው። እውነቱን ንገሪኝ።" እሷም "አዎ እናቴ በጣም ያሞቃል" ብላ መለሰች፤ አበባም አድርጋበታለች። ለክርስትናው ካስቀመጥኩት ገንዘብ ላይ በስልኬ ከፈልኩ። ለልጄ አልነገርኳትም። እኔን ሳትጠይቂ በስልክ ምንም እንዳትገዢ ብላ አስጠንቅቃኛለች። ማሞቂያው ሲመጣ ደውዬ፣ ቤቱ ሞቋል ነይ ልላት ነበር ሐሳቤ።

ጎረቤቴ ካርቶኑን አይታ ገባች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ አፏም አይያዝም።

"እስቲ ስኪው" አለች።

ሰካሁት። ምናልባት ሞቃት አየር ይነፋ እንደሆነ ብዬ እጄን ዘረጋሁ። የጮቄን ተራራ ንፋስ ቤቴ ድረስ ያመጣብኝ መሰለኝ።

"በይ ይዘሽው ዓባይ በረሃ ውረጂ" ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "እዚያ ይፈልጉታል። አራሷንም እዚያው ውሰጃት።"

"ተይኝ እባክሽ።"

ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወችው። ለሻጯ ደወልን። "ያዘዙት ይህንኑ ነው" አለችና ዘጋችው። ደግመን ስንደውል አላነሳችም። ያን ጊዜ ጎረቤቴ፣ ገንዘቡ ያለፈበት ድርጅት ቅሬታ እንደሚቀበል፣ የእህቷ ልጅ ለተበላሸ ጫማ እንዲያ አድርጋ እንዳስመለሰች ነገረችኝ።

በማግስቱ ቬንትሌተሩን በነጠላ ጠቅልዬ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ ቢሮው ሄድኩ። በመስኮቱ ያለችው ወጣት ሠራተኛ ትሑት ናት። "ይቀመጡ እናቴ" ብላ ዕቃውን ፎቶ አነሳችው፤ የከፈልኩበትንም መልእክት አየችው። ከዚያ መታወቂያዬን ተቀብላ ኮምፒውተሯን ስታይ ቆየች።

"ይህ ሲም ካርድ በእርስዎ ስም አይደለም እኮ።"

"የእኔ ነው። ስንት ዓመት የያዝኩት ነው።"

"የተመዘገበው በሌላ ሰው መታወቂያ ነው።" ስሙን አነበበችልኝ። የልጄ ስም ነው። ተማሪ ሳለች ሲም ካርዱን በራሷ መታወቂያ አውጥታ የሰጠችኝ ትዝ አለኝ። "ቅሬታውን ማቅረብ ያለባቸው እሳቸው ናቸው። ካሉበት ሆነው በስልካቸው መሙላት ይችላሉ። ግን ለቅሬታው የቀረዎት አራት ቀን ነው።"

ሁለቱን ቀን ሳልደውል አሳለፍኩ። ስልኩን አንስቼ አስቀምጣለሁ። ስለ ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲያው ተበልቼ እቀር ነበር። ግን ማሞቂያው ካልመጣ ክፍሉ አይሞቅም፤ ክፍሉ ካልሞቀ ደግሞ… በሦስተኛው ቀን ደወልኩላት።

"እማዬ! ምን ሆንሽ? በሥራ ሰዓት ደውለሽ አታውቂም።"

"ደህና ነኝ። አንድ ዕቃ ገዝቼ ነበር።"

የሆነውን ነገርኳት። እንዳስጠነቀቀችኝ አላስታወሰችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"ማሞቂያ ለምን ፈለግሽ?"

"በረደኝ" አልኳት። ውሸት ነው።

ከሻጯ ጋር የተጻጻፍሽውን ሁሉ ላኪልኝ አለችኝ። ከመካከሉ ለይቶ መላክ አልችልበትም፤ ጎረቤቴ ባሳየችኝ መንገድ ሙሉውን ላክሁት። ከላክሁት በኋላ ምን እንደጻፍኩ ትዝ አለኝ። ልመልሰው ስልኩን ነካካሁት። እንዴት እንደሚመለስ አላወቅሁም።

ያን ቀን አልደወለችም። በማግስቱም አልደወለችም፤ ቅሬታው መግባቱን ብቻ በአጭር ጽፋ ላከችልኝ። ሳምንት ያህል አለፈ። እኔም ያቺን "ብርዱን ፈርታ እንዳትቀርብኝ" ብዬ ለሻጯ የጻፍኩትን እያሰብኩ፣ ስልኩን በሄድኩበት ሁሉ ይዤ እዞር ነበር። ውኃ ልቀዳ ቦኖው ድረስ እንኳ ይዤው ሄጃለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እህል ሳበጥር ስልኩ ጠራ።

"እማዬ፣ ረትተሻል" አለችኝ። "ሻጯ መጀመሪያ ካደች። ኋላ ግን ያሞቃል ወይ ብለሽ ጠይቀሻት አዎ ያለችው በጽሑፍ ተገኘ። ያ ባይኖር አይሆንም ነበር። እኔ እንኳ እንደዚያ አልጠይቅም።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ።"

"አሁን አንድ ጥያቄ ቀርቷል። ወይ ትክክለኛውን ማሞቂያ ይልካሉ፣ ወይ ገንዘቡን ይመልሳሉ። መርጬ መሙላት አለብኝ። የቱን ልሙላ?"

ሰፌዱን አስቀመጥኩት።

"አንቺ የምትዪውን" አልኳት።

ከወዲያ በኩል ድስት ሲከደን ይሰማኛል፤ የሴት ድምፅም አለ።

"መልእክትሽን አነበብኩት" አለች።

"አውቃለሁ።"

"ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ክትትሌ እዚህ ነው። የዓባይ ቁልቁለትም በዚህ ሆዴ… የባለቤቴ እናት ከመጡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ክፍሉን ሁሉ አዘጋጅተዋል። እንዴት እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነው ብርዱን ያነሳሁት። አንቺ ደግሞ ማሞቂያ ትገዢያለሽ ብዬ አላሰብኩም።"

የሴትዮዋ ድምፅ አሁንም ይሰማል፤ አንድ ነገር እየጠየቀቻት ነው፤ የእኔ ልጅ አፏን ከስልኩ መልሳ፣ "መጣሁ እማማ" አለቻት።

"ገንዘቡን ሙዪው" አልኩ።

"ማሞቂያው ለአንቺም እኮ ይሆንሻል። በረደኝ ብለሽኝ የለ?"

"እኔ ለምጄዋለሁ። ገንዘቡን ሙዪው የኔ ዓለም።"

"ለክርስትናው ትመጫለሽ አይደል? መኪና እንልክልሻለን።"

"እመጣለሁ" አልኳት። ልጄ የወለደችበት ቤት በእንግድነት እንደምሄድ ያን ጊዜ ገባኝ።

ገንዘቡ እንዲመለስ ቬንትሌተሩ መጀመሪያ መመለስ ነበረበት። ክንፎቹን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ፤ እንደመጣው አድርጌ ካርቶኑ ውስጥ አስገብቼ በሲባጎ አሰርኩት። የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን ለልጄ በሌላ ካርቶን አደረግሁ። ሁለቱንም መናኸሪያ ወስጄ በአንድ የአዲስ አበባ አውቶቡስ አስጫንኳቸው። ዕቃ ተቀባዩ ሰውዬ እየመዘገበ፣

"የሚሰበር አለበት?" አለኝ።

"አንዱ ላይ አለ።"

"የትኛው ነው?"

ቬንትሌተሩን አሳየሁት። በትልቁ ምልክት አደረገበት። ቅቤውን ከሥር፣ ቬንትሌተሩን ከላይ አድርጎ ጫነው።

ስመለስ ጎረቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ገንዘቡ እንደሚመለስ ሰምታ ኖሮ እልልታውን አቀለጠችው። "ሴትዮዋ ረታች! ግብዣ አለብሽ!" ከዚያ ቀረብ ብላ አየችኝ። "ምነው ታዲያ?"

"እዚያው ልትወልድ ነው።"

አንዲት ቃል አልቀለደችም። አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ትንሽ ቆይታ ወደ ቤቷ ሄደች።

የገንዘቡ መልእክት የገባው ከአምስት ቀን በኋላ ነው። እኔ ያን ሰዓት ኖራ በቀባሁት ክፍል ውስጥ አልጋውን ወደ ግድግዳው እያስጠጋሁ ነበር። ልጄ መስላኝ ሮጬ ስልኩን አነሳሁት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ሲም ካርዱ በእሷ ስም ስለሆነ መልእክቱም የሚጀምረው እሷን በመጥራት ነው፤ ስሟ፣ ከዚያ የአባቷ ስም፣ ከዚያ ገንዘብዎ ተመልሷል ይላል። ልክ መሆኑን ለማረጋገጥ ደግሜ አነበብኩት። በሦስተኛው ገንዘቡ ጋር ሳልደርስ ቆምኩ። ስሟን ብቻ፣ ጮክ ብዬ፣ በዚያ ክፍል ውስጥ አነበብኩት።