በጎ ፈቃደኛ መርዶ አያረዳም

በጎ ፈቃደኛ ከተረጂ ቤት አይበላም፣ አይጠጣም። በጎ ፈቃደኛ የግል ስልኩን አይሰጥም። በጎ ፈቃደኛ ቃል አይገባም። አስተባባሪያችን ይህን መመሪያ ሲያነብልን የአዳራሹ ቆርቆሮ አናታችንን ይጠብሰን ነበር፤ እኛም ቶሎ ቢለቀን ብለን በየአንቀጹ ራሳችንን እንነቀንቃለን። ልጁ ከአዲስ አበባ የተላከ ነው። ትሑት ነው፣ ሰዓት ያከብራል፣ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ክፉ ቢሆንማ ደህና አድርጌ ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር።

ማኅበራችን የወታደር ቤተሰብ የሚደግፍ ነው። የቆሰለ ይጠይቃል፣ ልጇ ለዘመተባት እናት ዱቄትና ዘይት ያደርሳል። እኔ አሶሳ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። ወንድሜ ወታደር በነበረባቸው ዓመታት፣ ከጎረቤት በቀር፣ እናቴን «ልጅሽ ደወለ ወይ?» ብሎ ደጇን የረገጠ ሰው አልነበረም። ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነው ማኅበሩ ሰው ሲፈልግ ሱቄን ለእህቴ እየተውኩ የገባሁት።

ከተሰጡኝ ቤቶች አንዱ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ የበርታ ብሔረሰብ እናት ቤት ነበር። ባላቸው ሞተዋል፤ ሴቶች ልጆቻቸው አግብተው ሄደዋል፤ አንድ ወንድ ልጃቸው ወታደር ነው፣ ኔትወርክ በሌለበት ሩቅ አገር። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ። እሳቸው አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ስለሆነ ወንድና ሴት አይለዩም፤ እኔን ሴቷንም «አንተ ልጄ» ይሉኛል። ቤቱን ለይቼ ለማወቅ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረቡልኝ። መመሪያው ትዝ አለኝና «ጾም ላይ ነኝ» ብዬ ዋሸሁ። «ዛሬ ምን ጾም አለ?» አሉና ሳህኑን ወደኔ ገፋ አደረጉት። በላሁ። በርታ ቤት ገብቶ ገንፎ እምቢ ያለ ሰው በሁለተኛው ቀን በየት በኩል ይገባል?

ጉዱ የመጣው እርዳታ ያደረስን ቀን ነው። መመሪያው ምን ይላል? እርዳታ የሚያደርሱ በጎ ፈቃደኞች ከሦስት አይነሱ፣ ሰደርያ ይልበሱ፣ የአካባቢውን ሽማግሌ ያስቀድሙ፣ ተረጂው ወደ ሥራ ሳይወጣ በማለዳ ይገኙ። ዱቄቱ መንገድ ላይ እንዳይጎድል፣ ምስክርም እንዲኖር ታስቦ ነው። ጥሩ። እንግዲህ አስቡት፤ ልጃቸው ጦር ሜዳ ያለ እናት በማለዳ ደጃቸውን ሲጠርጉ ቀና ቢሉ፣ ሽማግሌ ፊት ፊት፣ እኛ ከኋላ ተሰልፈን፣ ድምፅ ሳናሰማ እንመጣለን። በኛ አገር ንጋት ላይ ሽማግሌ አስቀድሞ የሚመጣ ዱቄት አለ? መርዶ ነው እንጂ! እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ነባሩም ሰፋሪውም መርዶ የሚረዳው እንዲሁ ነው። ይህን የጻፈው ሰው እናት የለውም? ዘመድ ሞቶበት አያውቅም? እኔም ብሆን፣ ያን ሁሉ ዓመት ለቅሶ ስደርስ የኖርኩ ሴት፣ ሰደርያዬን ቆልፌ አብሬ ተሰለፍኩ።

እማማ መጥረጊያቸውን ጣሉ። ጩኸታቸው እስከ አስፋልቱ ተሰማ። መሬት ላይ ወድቀው አፈሩን እየዘገኑ በራሳቸው ላይ ይበትናሉ፤ ጎረቤቱ ከየቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እኛ «ዱቄት ነው! ዱቄት ነው ያመጣነው!» እንላለን። ማን ይስማን! ሽማግሌው «ልጅዎ ደህና ነው» ባሉ ቁጥር ሴቶቹ ይብስባቸዋል፤ መርዶ ነጋሪ ሁሉ መጀመሪያ እንደዚያ ነዋ የሚለው። ባመጣን ባጃጅ ላይ የቀረውን የዱቄት ኩንታል አውርደን ግቢው መሃል ብናስቀምጠው ደግሞ ለለቅሶው የመጣ እህል መሰላቸው። በሞቴ፣ ሳቅ አምጪ ብትሉኝ ይሄ ያስቃል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ አንጀቴን ያሳርረዋል።

በመጨረሻ ሰደርያዬን አውልቄ ወረወርኩና አጠገባቸው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ወላሂ በል» አሉኝ።

«ወላሂ እማማ፣ ልጅዎ በሕይወት አለ።»

ዓይኔን አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ እጃቸው ላላ። ጎረቤቱ ሲበተን ልብሳቸውን እያራገፉ እንዲህ አሉኝ፤ «ሌላ ሰው እኔ አላምንም። ሽማግሌም አላምንም። አንድ ቀን እውነት ከሆነ አንተ ና። አንተ ካልመጣህ ልጄ አልሞተም።» እሺ አልኳቸው። እጄን ሰጥቼ፣ እሺ አልኩ።

በነጋታው ቢሮ ሄጄ አስተባባሪውን ተቆጣሁት። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ሲባል አልሰማችሁም? እኛን አንድ ቃል ሳትጠይቁ ነው እንዴ ይሄን የጻፋችሁት?» አልኩት። አዳመጠኝ፣ ማስታወሻ ያዘ፣ አመሰገነኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ ተሻሻለ የተባለው መመሪያ መጣ። የማለዳው ነገር እንዳለ ነው። አዲስ የገባው እንዲህ የሚል ነው፤ በጎ ፈቃደኛ መርዶ አያረዳም፤ መርዶ በሚረዳበት ዕለት በቤቱ አይገኝም። ድንቄም መሻሻል! የጮህኩት ጩኸት ዞሮ የራሴን አፍ ዘጋው።

ክረምቱ አልፎ ማሽላው መታጨድ ሲጀምር አስተባባሪው ከሰዓት በኋላ ደውሎ ቢሮ ጠራኝ። ስገባ በሩን ዘጋ። ሳይነግረኝ ገባኝ። የእማማ ልጅ ሞቷል። ነገ ጠዋት ሽማግሌዎችና አንድ መኮንን ሄደው ያረዷቸዋል።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩ።

«አይሆንም እህቴ። አንቀጹን ታውቂዋለሽ።»

«ቃል ገብቼላቸዋለሁ እኮ!»

«ቃል መግባትም ክልክል ነበር።»

ይህን ያለኝ አዝኖ ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ማዘኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ከሄድኩ የበጎ ፈቃደኛ መታወቂያዬን እንደምመልስ፣ ሌሎቹ ቤቶችም ከእጄ እንደሚወጡ ነገረኝ። ከነሱ ውስጥ ባሏ እግሩን አጥቶ የተመለሰላት ልጅ እግር ሴት አለች፤ ከእኔ በቀር ለማንም አታወራም። የልጅ ልጆች ይዘው የቀሩ አሮጊት አሉ። እነሱን አሰብኩና እሺ ብዬ ወጣሁ። ወይ ነዶ! እሺ ማለት እንዲህ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ሱቄን ከፈትኩ። ጨርቅ ስለካ አንዷን ደንበኛዬን ያለ ጥፋቷ ተቆጣኋት። ረፋዱ ላይ የእማማ ጎረቤት እያለከለከች መጣች።

«አንቺ ሴት፣ ምነው ቀረሽ? አላምንም ብለዋል እኮ!»

ሽማግሌዎቹ አርድተዋል፤ መኮንኑ ተናግሯል፤ ሴቱ ደረቱን ይደቃል። እማማ ግን ጠብ የምትል እንባ የለቻቸውም አለችኝ። ለለቀስተኛው ከርከዴ እየቀዱ ያድላሉ። «ባለፈውም አስለቅሳችሁኝ ዱቄት ነው ያመጣችሁት። ተቀመጡ፣ ጠጡ» ይላሉ። የልጃቸውን ፍራሽ አውጥተው ፀሐይ ላይ አስጥተዋል፤ ሰዉ አብደዋል እያለ መንሾካሾክ ጀምሯል።

መታወቂያዬን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ሱቁን ዘጋሁና ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ አስተባባሪውን፣ መመሪያውን፣ ሰደርያውን፣ አንድም ሳላስቀር ረገምኩ። አስፋልቱን ለቀን ወደ ሰፈራቸው ስንታጠፍ ነው የምሄድበት ነገር የገባኝ። እስከዚያች ሰዓት ልጁ ለእናቱ አልሞተም። ቃሌን ላከብር እየሮጥኩ መስሎኝ፣ ለካ ልጃቸውን የምገድለው እኔ ነኝ! ባለባጃጁን መልሰኝ ልለው ቃሉ አፌ ላይ መጣ፤ ግን ደርሰን ነበር።

እማማ ጆግ ይዘው ከለቀስተኛው መሃል ቆመዋል። በቀርከሃው አጥር በር አዩኝ። ጆጉን ለአንዷ ሴት አቀበሉና እየሮጡ መጡ። ሊያቅፉኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። በሩን ፊቴ ላይ ዘጉት።

«ተመለስ!» አሉ ከውስጥ። «ሱቅ ሂድ ልጄ! እኔ አላየሁህም! ወላሂ አላየሁህም፣ ተመለስ!»

በሩን በደረታቸው ደግፈው ይዘውታል፤ ትንፋሻቸው በቀርከሃው መሃል ይሰማኛል። እኔም እያለቀስኩ ከውጭ ገፋሁት።