በግማሽ ጢም የወጡት ሰውዬ

አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ደንበኛ ሲጠፋ ልቦለድ አነባለሁ። አንድ ጠዋት ከንባቤ ያቋረጡኝ ጋሽ በቀለ ናቸው፤ የቀድሞ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ከሥልጣን ከወረዱ ስንት ዓመታቸው! ዛሬም ግን «ጠላት አለብኝ» ብለው ጀርባቸውን ለበር አይሰጡም።

አረፋ ቀብቼ ግራ ጉንጫቸውን ላጭቼ እንደጨረስኩ ዓይናቸው መጽሐፉ ላይ አረፈ።

«ስለ ምንድን ነው?»

«አንድ ሚኒስትር ይገደላሉ። ሴራውን ማን እንደጠነሰሰው አይታወቅም፤ ሚስታቸውም ሾፌራቸውም ይጠረጠራሉ።»

«አንተስ ማንን ጠረጠርክ?»

ልቤ መጽሐፉ ላይ፣ ምላጬ ጉሮሯቸው ላይ እንዳለ፣ «እኔማ ፀጉር አስተካካያቸውን ነው! በየሳምንቱ አንገታቸው እጁ ላይ ነው እኮ!» አልኳቸው።

እጄን በሁለት ጣታቸው ቀስ አድርገው ገፉና መጽሐፌን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ፎጣዬን አንገታቸው ላይ እንዳደረጉ ወጡ።

«ኧረ ጋሼ፣ ቀኙ ይቀራል!» እያልኩ ብከተላቸው ባጃጅ ውስጥ ዘለው ገብተው ተፈተለኩ።

በሦስተኛው ቀን ቀኝ ጉንጫቸው እንደጎፈረ፣ ሙሉ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ከተፍ አሉ። መጽሐፌን መልሰው፣ ወንበሩ ላይ ዘና ብለው አንገታቸውን ሰጡኝ።

«ጨርሼዋለሁ። አንተ ንጹሕ ነህ፤ በል ላጨኝ።»

«ታዲያ ገዳዩ ማን ሆነ?»

«ጫማቸውን የሚጠርገው ሊስትሮ!»

ዝቅ ብዬ እግራቸውን ባይ፣ ከዚያ ሁሉ ሱፍ ሥር ሸበጥ አድርገዋል።